ደብተሩ ምን ጎደለው?



የመጽሔታችን አዘጋጆች «ለዘንድሮ ጂሲዎች ስለ ቴክኖሎጂ ሥራ ጻፍልን፤ ምን ቢማሩ ቶሎ እንደሚቀጠሩ ዘርዝርላቸው» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አንደኛ፣ ዛሬ የምዘረዝረው ነገር እናንተ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ከግቢ እስክትወጡ ሊያረጅ ይችላል። ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ዝርዝር ለዓመታት ሳሳድድ ኖሬ፣ ታክቶኝ ነው አዲስ አበባን ለቅቄ ወደ አምቦ የተመለስኩት። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ትቼ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ነው፣ ዶርም ውስጥ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ሲኒየር ወንድማችን ከዒሻእ ሰላት በኋላ ላፕቶፑን አልጋው ላይ ዘርግቶ ለአራታችን ድረ ገጽ መሥራት ያስተምረን ነበር። ያስተማረን አንጉላር ጄኤስ በሚባለው መሣሪያ ነው። በአንድ ሴሚስተር ትንሽ ለመድነው። ክረምቱን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አርፌ የሥራ ልምምድ ስጠይቅ ግን አንድ ወጣት ፈገግ ብሎ «እሱማ አርጅቷል፤ አሁን ሁሉም ሪአክት ነው» አለኝ። ውሸት አልነበረም። አንጉላርን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከሥሩ ጀምረው እንደ አዲስ ጽፈውት ነበር፤ የአሮጌውም ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ጭራሹን ተቋረጠ። ያን ቀን የወሰድኩት ትምህርት ግን የተሳሳተ ነበር። «መሠረቱን ልያዝ፤ መሣሪያው ቢለዋወጥ እለዋውጣለሁ» ማለት ሲገባኝ «ወደ ኋላ ቀርቻለሁ» ብዬ ደነገጥኩ። ያ ድንጋጤ ለዓመታት አልለቀቀኝም።

በ2013 ተመረቅሁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የትምህርት ሚኒስቴርና የካርዳኖ ብሎክቼይን ሠሪዎች የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና የ750 ሺህ መምህራን መረጃ በብሎክቼይን እንዲያዝ መስማማታቸው ተነገረ። ሥራ ፈላጊ ነበርኩና ዜናውን ለእኔ እንደተላከ ጥሪ ሰማሁት። ቀን በአንድ አነስተኛ ድርጅት የሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየጠገንኩ ሌሊት ብሎክቼይን ማጥናት ጀመርኩ። ጥቅምት 2014 ፌስቡክ ኩባንያው ስሙን ሜታ ብሎ ሲለውጥ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፑ ሁሉ ሜታቨርስ፣ ሜታቨርስ አለ። የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ጫንኩ፤ ላፕቶፔ አልቻለውም፤ እኔም አልቻልኩትም። ኅዳር 2015 ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ የክሪፕቶ መገበያያ ኪሳራ አወጀ፤ በዚያው ወር ቻትጂፒቲ ወጣ። በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሌላው ተቀመጠበት። በዚያው ሰሞን ሜታ ከ11 ሺህ በላይ ሠራተኛ አሰናበተ፤ ከሁለት ወር በኋላ ጉግል 12 ሺህ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከኋላቸው የምንሮጥላቸው ሰዎች ራሳቸው ወዴት እንደሚሮጡ በእርግጥ ያውቁ እንደሆነ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ሌላ ኮርስ ጀመርኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰላት አልተውኩም። ግን ሰላቴ በሁለት ስብሰባ መሃል የምትጨመቅ ነገር ሆነች። ረመዳን ላይ ቴምሬን ጎርሼ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ያፈጠርኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። እናቴ ትደውልና «ልጄ፣ አፈጠርክ?» ትለኛለች። «አዎ እማ፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የምታወራኝን ግን ግማሹን አልሰማም ነበር።

በ2016 የምሠራበት ድርጅት ስሙ ላይ «ኤአይ» የሚል ጨመረ። ሥራችን ያው የሱቅ ዕቃ ቆጠራ ነበር። አንድ ዓርብ ቀን ገንዘብ ያፈስሳሉ የተባሉ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። የሚታያቸው ነገር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለደንበኛ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ሐሙስ ማታ ስንሞክረው አማርኛው ይንገዳገዳል፤ አፋን ኦሮሞው ጭራሽ ትርጉም አይሰጥም። አለቃችን ጥቂት አሰበና ሦስታችንን ጠራን። «ነገ እናንተ ከጎን ያለው ክፍል ትቀመጣላችሁ፤ ጥያቄው ሲመጣ ፈጠን ብላችሁ መልሱን ትጽፋላችሁ። ለአንድ ቀን ነው፤ ገንዘቡ ሲገባ እውነተኛውን እንሠራዋለን» አለን። እኔ የአምቦ ልጅ ስለሆንኩ አፋን ኦሮሞው ለእኔ ተሰጠ።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ከግድግዳው ወዲያ ሲደነቁ ይሰማኛል። አንዱ «ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው!» አለ። ከጎኔ ያለው ልጅ ሳቁን ለማፈን አፉን ያዘ። እኔም ሳቅሁ። ጭብጨባው ሲያበቃ ስልኬን አየሁ፤ ጁሙዓ አልፎኛል። ደረጃው ሥር ካርቶን አንጥፌ ዙህርን ሰገድኩ።

የእህል ክምሩን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ያገኙትን። እኔ ያደግሁት እህል ከሚሸጥበት ቤት ነው። ከላይ የደረቀ፣ ከሥር የረጠበ ጤፍ ምን ማለት እንደሆነ አባቴ ገና በልጅነቴ እጄን ይዞ አስነክቶኛል። ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት እሱን ነው። የእኛ ክምር ከላይ ደርቆ ነበር፤ ከሥር ያለሁት እርጥብ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ሥራዬን ለቀቅሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልለቀቅሁም። ሰባት ወር ቆየሁ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ለታናሽ እህቴ የምልከው ነበር፤ ደግሞም «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ማለት ይቀላል።

በእነዚያ ወራት ለደረሰብኝ ነገር ስም ያገኘሁለት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በነጻ ክሊኒክ በቅንነት ሲያገለግሉ የነበሩ ሰዎች ቀስ በቀስ ጉልበታቸውም ፍላጎታቸውም ሲያልቅ አይቶ በርንአውት ብሎ ጻፈበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል፤ ሦስት መልክ አለውም ይላል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን መናቅ፣ «ምንም አልረባም» ማለት።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈተና ሰሞን ላይብረሪ ያመሸ ሰው ይደክማል፤ ሁለት ሌሊት ጠግቦ ሲተኛ ይለቀዋል። የእኔ በእንቅልፍ አልለቀቀም። የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ነበር። አዲስ ነገር ሲመጣ አሾፋለሁ፤ የድሮው ሲነሣ አሾፋለሁ፤ አዲስ የተቀጠረ ልጅ በቅንነት ሲሠራ ሳይ እንኳ በሆዴ «ቆይ፣ ይደርስሃል» እላለሁ። ድካሙ ከሥራ ብዛት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ግን ከዚያ የበለጠ የሠራሁበት ጊዜ ነበር። እዚህ ግቢ የኢፍጣር ኮሚቴ ሆኜ ከዐስር ጀምሮ ድስት ስሸከም፣ ሾርባ ስቀዳ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ተራዊሕ ሰግጄ ማታ እግሬ እየዛለ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የሾርባው ወረፋ ላይ የቆመውን ወንድሜን በዓይኔ አየዋለሁ። በአዲስ አበባው ሥራዬ ግን ለማን እንደምሠራ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ምን አዲስ ነገር እንደወጣ ብቻ ነው።

በ2017 ለቅቄ ተመለስኩ። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ገንፎ አገንፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት አሁን ወሊሶ የሚያስተምረው የዶርም ጓደኛዬ ደወለና «ና፣ ሐሮ ወንጪ ላይ እንገናኝ፤ ለሁለታችንም መሃል መንገድ ነው» አለኝ።

አምቦ አራት ዓመት ተምሮ ወንጪን ሳያይ የሚመረቅ ብዙ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ አላየሁትም ነበር። ሐሮ በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ የተኛው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። አፋፉ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ከአምቦው አይገናኝም። እንሰት፣ ገብስ፣ ከታች ውሃው፣ ውሃው ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት። በገበታ ለሀገር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንዲለማ የተመረጠው የወንጪና የደንዲ አካባቢ ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ካላቸው አንዱም ወንጪ ነበር።

ወደ ሐይቁ የወረድነው በፈረስ ነው። ፈረሶቹ የሚሄዱት በተራ ነው፤ ያን ቀን ተራ የሚይዙት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ ኦቦ ነበሩ። እጃቸው ላይ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አለ፤ የባለ ፈረሱ ስም፣ ቀኑ፣ የተከፈለው ብር። ወላሂ፣ ኮምፒውተር ማየት ታክቶኝ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ግን ደብተሩን ሳይ እጄን በላኝ።

«ኦቦ፣ ይህ እኮ በስልክ የሚሠራ አፕ ቢሆን ይሻልዎት ነበር» አልኳቸው።

«ስልክ የሌለው ባለ ፈረስ ተራው መድረሱን በምን ያያል?» አሉኝ።

መለስኩላቸው። «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» አሉ። ለእሱም መልስ ነበረኝ። «ቻርጅ ሲያልቅስ?» አሉ። ለእሱም ነበረኝ፤ ስንት ዓመት የሠለጠንኩት እንዲህ ላለው ነው። ኦቦው ትንሽ ዝም አሉና፣ በቁጣ ሳይሆን እውነትም ለማወቅ ፈልገው፣ «ልጄ፣ ደብተሩ ምን ጎደለው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

እዚያው ቆመን ሳለ ሁለት ወጣቶች «ተራው የኔ ነው»፣ «የኔ ነው» እየተባባሉ መጡ። ኦቦው ደብተሩን ገልጠው ወደ እነሱ አዞሩት። አንደኛው መስመሩን በጣቱ ተከትሎ አየ፤ አንገቱን ነቀነቀና ፈረሱን ይዞ ተመለሰ። በቃ፣ ጠቡ አለቀ። ደብተሩ የሚታመነው ማንም መጥቶ ሊያየው ስለሚችል ነው። ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የለበትም።

ታች ሐይቁ ዳር በዚያ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውዱእ አደረግን። ጓደኛዬ ጋቢውን ሣሩ ላይ አነጠፈና ዐስርን ሰገድን። ፈረሳችንን የሚመራው ልጅ የእኛ እምነት ተከታይ አልነበረም፤ ሰግደን እስክንጨርስ ልጓሙን ይዞ ዝም ብሎ ጠበቀን። አሰላምቼ ስጨርስ ወዲያው ስልኬን እንዳላየሁ ልብ ያልኩት ፈረሱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ተመልሰን አፋፉ ላይ ስንደርስ ኦቦውን በሌላ መንገድ ጠየቅኋቸው፤ «ከዚህ ሥራ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» አላመነቱም። «የወር መጨረሻ ድምሩ» አሉ። ሁለት ሰው ሁለት ቀን ይደምራል፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ መጠራጠር ይመጣል። በሳምንቱ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የወሩን ገጾች እያነበቡልኝ ኤክሴል ላይ መዘገብኩት፤ ድምሩን አወጣሁት። ኤክሴል እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ኦቦው ግን ቃሌን አልተቀበሉም፤ ቁጭ ብለው በእርሳስ እንደገና ደመሩት። ሲገጥም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሄዳለሁ፤ ደብተሩ ግን አሁንም ደብተር ነው።

ይህን ሳወራ አንድ ኡስታዝ የአል ኸዋሪዝሚን ነገር አነሣልኝ። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ሙስሊም ሊቅ ስም መሆኑን ከፍሬሽ ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እንኮራበታለንም። ግን ስለ አልጀብራ የጻፈው መጽሐፉ ለምን እንደተጻፈ ስንቶቻችን ጠይቀናል? በኸሊፋው አል መእሙን ዘመን ባግዳድ ተቀምጦ ሲጽፍ ዓላማው ሰዎች በየቀኑ የሚቸገሩበት ሒሳብ ነበር፦ ውርስ ማካፈል፣ ኑዛዜ፣ ንግድ፣ መሬት መለካት፣ ቦይ መቆፈር። የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል የውርስና የኑዛዜ ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ልጆቹ እንዳይጣሉ፣ የሴቷ ድርሻ እንዳይጠፋ፣ የአላህ ሕግ በትክክል እንዲፈጸም። አዲስ ነገር ከዚያ ውስጥ ወጣ፤ እሱ የተነሣው ግን ከሰው ችግር ነው። እኔ ተገላቢጦሹን ስሄድ ነበር፤ አዲሱን ነገር ይዤ የሚገጥምለት ችግር ፍለጋ።

ቴክኖሎጂን ተዉ እያልኩ አይደለም። በሐምሌ 2016 እንደተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያለ ነጻ ሥልጠና ስታገኙ ግቡበት፤ ተማሩበት። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ተማሩ፤ ለአፋን ኦሮሞና ለአማርኛ በትክክል የሚሠራ ነገር ያስፈልገናል፤ አስመስሎ ሳይሆን በእውነት የሚሠራው ሰው አጅሩ ትልቅ ነው። ግን የትኛው ቶሎ እንደሚያረጅ ለዩ። ዛሬም ዳታቤዝ ክፍል የምንማረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበውን ሐሳብ ነው። ሲ የሚባለው ቋንቋ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው። ኢንተርኔቱ የሚነጋገርበት ቲሲፒ አይፒ በሥራ ላይ የዋለው በጥር 1983 ነው። መምህሩ እነዚህን ሲያስተምር «ይሄ ያረጀ ነው» ብለን ከኋላ ወንበር ስልክ የምንነካካባቸው ትምህርቶች፣ ከሥራ ዓለም ስመለስ ሳያረጁ የጠበቁኝ እነሱ ናቸው።

ሰርተፍኬትን ደግሞ እንደ ሪዝቅ አትቁጠሩት። ምክንያት ነው፤ ምክንያትን መያዝ ይገባል። ሰጪው ግን አላህ (ሱ.ወ) ነው። እኔ በአንደበቴ ይህን እያልኩ በልቤ ሪዝቄን በሚቀጥለው ኮርስ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ስለዚህ አንድ ኮርስ ባመለጠኝ ቁጥር ሪዝቄ ያመለጠኝ ይመስለኝ ነበር። ሱረቱ አት ተካሡር ስለ ምን እንደምትናገር ታውቃላችሁ። ያካበትኩት ብር ስላልነበረ እኔን የምትመለከት አይመስለኝም ነበር። ሊንክድኢን ላይ የደረደርኳቸውን ሃያ ሦስት ሰርተፍኬቶች አንድ ቀን ቆጥሬ ነው የገባኝ።

ሌላ አንድ ነገር፦ እንቅልፉ የጠፋበት፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው የሸሸ ወንድም ወይም እህት ዶርማችሁ ውስጥ ካለ «ሰላትህን አስተካክል» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ዱዓ አድርጉለት፤ ወደ ሐኪምም ይዛችሁት ሂዱ። መታከም የኢማን ድክመት አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነገር ነው።

ስለ እኔ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ተስተካክሏል አልላችሁም። አሁን አምቦ ላይ የሁለት ሱቅና የአንድ ፋርማሲ ሒሳብና ዕቃ መዝገብ እይዛለሁ፤ ገቢዬ ከድሮው ግማሽ በታች ነው፤ ለእህቴ የምልከውም ቀንሷል። አንዳንድ ማታ አዲስ ነገር ወጣ ሲባል ያ የድሮ ድንጋጤ ሆዴን ይነካካኛል። የዚያ ዓርብ ነገርም አልተዘጋም። ኡስታዙን ስጠይቀው «ተውበት አድርግ፤ የቻልከውንም አስተካክል» አለኝ። ለቀድሞው አለቃዬ ያን ቀን የሆነውን ለእንግዶቹ እንዲነግራቸው ለምኜ ጻፍኩለት። «እሺ» የሚል አንድ ቃል መለሰልኝ። ይንገራቸው አይንገራቸው አላወቅሁም። አድራሻቸውን እያፈላለግሁ ነው፤ ካገኘሁት እኔው እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ስለዚህ የዘንድሮ ጂሲዎች፣ «ምን ልማር?» ብላችሁ ስትመጡ አብረን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ መስጂድ ግቢ አለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የምታውቁትን ሰው፣ ባለ ሱቅ ይሁን ገበሬ፣ ነርስ ይሁን የዶርም ፕሮክተር፣ ከሥራው ምን እንደሚያስቸግረው ጠይቃችሁ ኑ። ደብተር ካለው ደግሞ መጀመሪያ ደብተሩን አንብቡለት።

አላህ የሚጠቅም እውቀት፣ ሐላል ሪዝቅና የተረጋጋ ልብ ይስጠን። ከተጠየቅንበት ቀን በፊት እውቀታችንን ለምን እንደተጠቀምንበት የምንመረምር ያድርገን። አሚን።